ከአኮቦ ማዶ የሚመጣው መንጋ

የጋምቤላ ክልሉ ዲማ ወረዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወርቁን ነው። ወረዳውን በምዕራብ በኩል ከደቡብ ሱዳን የሚለየው የአኮቦ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ማዶ የቦማ ሜዳ ይዘረጋል። በቦማና በጋምቤላ ረግረጎች መካከል ደግሞ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሣርና ውሃ ተከትሎ ይመላለሳል። በ2015 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ በአውሮፕላን በተደረገው ቆጠራ የቆርኬው ብዛት ከ5 ሚሊዮን በላይ ተገምቷል። አብረውት ከሚጓዙት ሌሎች የዱር እንስሳት ጋር 6 ሚሊዮን ሊሞላ ምንም አይቀረው። በየብስ ላይ ከዚህ የበለጠ የአጥቢ እንስሳት ፍልሰት አይታወቅም። ወደ እኛ የሚሻገረው ከዚህ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ፍልሰቱ በውሃ የታዘዘ ነው። በክረምት ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ በበጋ ሌላው ሲደርቅ ለምለም ሣር የሚገኘው ረግረጉ ዳር ነው። ስለዚህ ለቆርኬ አንድ ጥሩ ግጦሽ ማስከበር አይበቃም፤ መንገዱም ክፍት መሆን አለበት።

የዋልታ ድብም እንዲሁ በወቅት የሚኖር እንስሳ ነው። አቆስጣ የሚያድነው በባሕሩ ላይ በጋገረው በረዶ ላይ ቆሞ ነው፤ በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥና ዘግይቶ ሲመለስ ድቡ የብስ ላይ ሆኖ ይጾማል። በካናዳ ምዕራባዊ ሃድሰን ቤይ እ.ኤ.አ. በ2016 842 ይገመቱ የነበሩት ድቦች በ2021 ወደ 618 ወርደዋል። ከእኛ እንስሳት ለዚህ ዕጣ የሚቀርበው ግን ቆርኬው አይደለም፤ የረግረግ ዘመዱ የናይል ሌችዌ ነው። ከደቡብ ሱዳን ረግረጎችና ከጋምቤላ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም፤ በዓለም አቀፉ መዝገብም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ረግረጉ ከጠበበ መሄጃ የለውም።

የሚያጠብበው ምንድን ነው? የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት ስፋቱ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ወሰኑ ግን ለአሥርት ዓመታት በሕግ ሳይጸና ቆየ። ወሰኑ ያልጸና ፓርክ ደግሞ ባዶ መሬት ይመስላል። የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ሰፋፊ እርሻዎች መጡ፦ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ 100,000 ሄክታር ተሰጠው፤ ሳውዲ ስታር በአቦቦ 10,000 ሄክታር ወሰደ። የካሩቱሪ እርሻ በጎርፍ ተመታ፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ውሃው በየዓመቱ የሚመጣበት ሜዳ መሆኑን የአኙዋና የኑዌር ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ይነግሩ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ወደ ክልሉ አመጣ፤ ለማገዶና ለጎጆ ዛፍ ይቆረጣል። ጦርነቱ ያበዛው ጠመንጃም አደኑን አቀለለው። የተራበን ሰው ለምን አደንክ ማለት አይቻልም፤ የዱር ሥጋ ለገበያ ሲጫን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የዋልታውን በረዶ የሚያቀልጠው ጭስ ከየአገሩ የሚወጣ ስለሆነ በድቡ አጠገብ የሚኖሩት ሰዎች ብቻቸውን ሊያስቆሙት አይችሉም። የቆርኬውና የሌችዌው ጉዳይ ግን በጋምቤላ፣ በአዲስ አበባና በጁባ እጅ ነው። ወሰኑን ማጽናት፣ ከአኮቦ እስከ ባሮ ያለውን መተላለፊያ ከእርሻ ውል ውጭ ማድረግ፣ ከደቡብ ሱዳን ጋር በጋራ መጠበቅ፦ ሦስቱም በፊርማ የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው። የክልሉና የፌዴራሉ ኃላፊዎች ቀጣዩን የመሬት ውል ከመፈረማቸው በፊት የመንጋውን መንገድ ካርታ ጠረጴዛቸው ላይ ይዘርጉ።