መጥራት የተከለከለ ነፋስ

ሻምበል ሮበርት ሚለር ለአሜሪካዋ ኦክላሆማ ገና እንግዳ ነበር። የካሊፎርኒያ ልጅ ነው፤ ቲንከር በተባለው የአየር ኃይል ጣቢያ የአየር ትንበያ ሠራተኛ ሆኖ ከተመደበ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። መጋቢት 11 ቀን 1940 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 1948) የምሽት ተረኛ ነበር። ካርታውን አየና ነፋስ እንደሚኖር፣ ነጎድጓድ ግን እንደማይኖር ጻፈ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከጎረቤት አየር ማረፊያ መልእክት መጣ፤ ቶርኔዶ ታይቷል፣ ወደ እናንተ እያቀና ነው የሚል። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያውን አቋርጦት አለፈ። የመቆጣጠሪያ ማማው መስታወት ረግፎ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ቆራረጣቸው፤ ሜዳ ላይ የቆሙት አውሮፕላኖች ተሰባበሩ። ጉዳቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ።

በበጋ ማሳ ላይ አቧራ ይዞ የሚሽከረከረውን ነፋስ ያየ ሰው ቶርኔዶን አውቀዋለሁ ሊል ይችላል። አያውቀውም። የእኛው ከጋለ መሬት ይነሳል፤ ያኛው ከነጎድጓድ ደመና ይወርዳል፣ ሲበረታም ቤት ከመሠረቱ ላይ ይነቅላል።

በማግስቱ መርማሪ ቡድን ተቀመጠ። የእግዜር ሥራ ነው፣ ማንም ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም ተባለና ሚለር ነፃ ወጣ። የጣቢያው አዛዥ ጄኔራል ፍሬድ ቦረም ግን በዚህ አልረኩም። ሚለርንና አለቃውን ሻለቃ ኧርነስት ፋውቡሽን ቶርኔዶን መተንበይ ይቻል እንደሆነ መርምሩ አሏቸው።

ትእዛዙ ቀላል አልነበረም፤ በአሜሪካ ሲቪል ትንበያ ውስጥ "ቶርኔዶ" የሚለው ቃል ራሱ ለአሥርት ዓመታት ታግዶ ኖሯል። በ1876 ዓ.ም. ጆን ፊንሊ የተባለ ወታደር ትንበያውን ሞክሮ ከመቶ 95 በላይ ተሳክቶልኛል ብሎ ነበር። ተቺዎቹ ሲያሰሉት ግን ሁልጊዜ "ቶርኔዶ የለም" የሚል ሰው ከእሱ የበለጠ ነጥብ ያገኛል! ቃሉ ኋላ የታገደው ደግሞ ሕዝብ ደንግጦ የሚያደርሰው ጥፋት ከነፋሱ ይብሳል ተብሎ ነው። እኔ ይህን ምክንያት የቢሮ ሰው ፍርሃት እለዋለሁ።

ሁለቱ መኮንኖች ያለፉ ቶርኔዶዎችን ካርታ አውጥተው ሦስት ቀን አጠኑ። አንድ መልክ ተደጋግሞ ታያቸው፤ ከታች ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ሞቃት እርጥብ አየር፣ ከላዩ ደረቅ አየር፣ ከዚያም በላይ ብርቱ ነፋስ።

መጋቢት 16 ቀን ጠዋት ያንኑ መልክ በዕለቱ ካርታ ላይ አገኙት። ጄኔራሉ መጥተው የቶርኔዶ ትንበያ ታወጣላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለቱም አመነቱ። አንድ ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመታል ብሎ ማን ይፈርማል? በመጨረሻ ፋውቡሽ አረቀቀ፣ ሚለር በታይፕ መታው። ለ9 ሰዓት 10 ደቂቃ ጉዳይ ነበር። አውሮፕላኖች ወደ ሃንጋር ገቡ፣ ሰዎች አስተማማኝ ወደሆነ ቦታ ተዛወሩ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ደመናው ጎረቤቱን አየር ማረፊያ ሲያልፍ ቀላል ዝናብና የአተር ፍሬ የምታህል በረዶ ብቻ ጣለ። ሚለር አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ሄደ። ከሠራዊቱ ስባረር የሊፍት ሠራተኛ እሆን ይሆናል እያለ ሲያስብ አመሸ። ኋላ ሬዲዮው ስለ ቲንከር ቶርኔዶ ማውራት ጀመረ። ያለፈውን ሳምንት ዜና ነው የሚደግሙት ብሎ ነበር። ለካስ የዛሬው ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያውን መትቶታል። ጉዳቱ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፣ የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም።

ልክ ጣቢያው ላይ ማረፉ ዕድል ነው፤ ዛሬም ቢሆን የትኛው ሰፈር እንደሚመታ ከሰዓታት በፊት የሚናገር የለም። መልኩን ማወቃቸው ግን ዕድል አልነበረም። ሐምሌ 1942 ዓ.ም. የሲቪሉ የአየር ሁኔታ ቢሮ ኃላፊ የቶርኔዶ ትንበያን ለሕዝብ መንገር የሚከለክል ደንብ እንደሌለ ለሠራተኞቻቸው ጻፉ።

ዛሬ ዳላስ ወይም ኦክላሆማ ሲቲ ያለ ሐበሻ ሁለት ዓይነት መልእክት ይሰማል። "ዋች" ሲባል ሰማዩ የእነ ሚለርን መልክ ይዟል ማለት ነው። "ዋርኒንግ" ሲባል ግን ነፋሱ በዓይን ታይቷል ወይም በራዳር ተይዟል። ያኔ ቪዲዮ ለመቅረጽ መስኮት ጋ አትቁሙ፤ በታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ግቡ።