«ካናቢስ»፣ «ሐሺሽ»ና ያለ አፈር ማብቀል፤ ስለ ጥቂት ሙያዊ ቃላት አተረጓጐም

የአንድ ሙያዊ ቃል አቻ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስለ ተገኘ ብቻ የትርጕም ሥራው ተፈጸመ ሊባል አይችልም። ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ወሰኑ በትክክል ካልታወቀ፣ ተርጓሚው ሳያስበው የተከለከለውን የተፈቀደ፣ የተፈቀደውንም የተከለከለ ሊያደርገው ይችላል። ካናቢስ የተባለውን ተክል በቤት ውስጥ ያለ አፈር ስለ ማብቀል የሚናገሩ ጽሑፎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆኑ፣ በውስጣቸው የሚያጋጥሙትን ጥቂት ቃላት ከዚህ ቀጥለን እንመረምራለን።

ጉዳዩ ከአማርኛ የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ተክሎችን ማብቀልን ይከለክላል። በዋሽንግተን ዲሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ በ2015 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በዋና መኖሪያ ቤቱ ውስጥ እስከ 6 ተክል እንዲያበቅል ፈቅዷል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ግን ተክሉን ከቁጥጥር አላወጣውም። በዚሁ ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን እንዲያስተረጕሙ ያዝዛል፤ አማርኛም ከሚተረጐምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የቃል ምርጫው የአንባቢውን መብትና ግዴታ የሚነካ ነው።

ሀ. የተክሉ ስም። «ዕፅ» በግዕዝ ዛፍ ወይም እንጨት ማለት ሲሆን፣ «አደንዛዥ ዕፅ» የተባለው ሐረግ ዛሬ ከተክል ያልተገኘውንና በላቦራቶሪ የተቀመመውን ሁሉ ስለሚያጠቃልል እጅግ ሰፊ ነው። «ሐሺሽ» በዐረብኛ ደረቅ ሣር ማለት ነው፤ በእኛ የዕለት ንግግር ግን ለተክሉም፣ ለቅጠሉም፣ ከእርሱ ለሚገኘውም ሁሉ ይነገራል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ በዋሽንግተን የሕግ መድበል «ማሪዋና» የተባለው ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ አበባውና ዘሩ ሲሆን፣ «ሐሺሽ» የተባለው ከተክሉ ተለይቶ የሚወጣው ሙጫ ነው፤ ፈቃዱም የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይመለከትም። እንግዲህ ማሪዋናን «ሐሺሽ» ብሎ የተረጐመ ሰው በፈቃዱ ያልተካተተውን ነገር ተፈቅዷል ብሎ ለአንባቢው ነገረው ማለት ነው። በበኩላችን ለተክሉ ሊኔየስ በ1753 በሳይንሳዊ ስምነት የመዘገበውን «ካናቢስ»፣ ለቅጠሉና ለአበባው «ማሪዋና»፣ ለሙጫው ብቻ «ሐሺሽ» ማለትን እንመርጣለን።

ለ. የአበቃቀሉ ስም። «ሃይድሮፖኒክስ» ከግሪክ ሃይዶር (ውኃ) እና ፖኖስ (ሥራ፣ ድካም) የተገኘ ነው። የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ጌሪክ በመጀመሪያ ዘዴውን «አኳካልቸር» ብለውት ነበር፤ ይሁን እንጂ ይህ ስም ለውኃ እንስሳት ርቢ ተይዞ ስለ ተገኘ በ1937 አዲሱን ስም አስተዋወቁ። ቃሉን በቃሉ «የውኃ ሥራ» ብንለው በአማርኛም ተመሳሳይ ግጭት ይገጥመናል፤ ይህ ሐረግ ግድብንና ቦይን ያስታውሳልና። «እርሻ» ደግሞ ከማረስ የመጣ በመሆኑ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ገንዳ አይስማማም። ብቅል የምታበቅል ባልቴት ገብሱን ያለ አፈር ታጐነቁላለች፤ ነገር ግን ያ ቡቃያ የሚመገበው በዘሩ ውስጥ ያለውን ስንቅ ሲሆን፣ በዚህኛው ዘዴ የሚበቅል ተክል ግን ምግቡን ከውኃው በሥሩ ይስባል። ስለዚህ «በንጥረ ምግብ ሙሙት ማብቀል» የሚለው ነገሩን ይገልጸዋል፤ በአጭሩ «ሃይድሮፖኒክስ» ማለትም ይቻላል።

ሐ. ሙሙት። ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎች ማዕድናት በውኃ የሟሙበት ፈሳሽ «ሙሙት» እንጂ «ድብልቅ» ወይም «ውሑድ» አይባልም፤ ድብልቅ ሊዘቅጥ ይችላል፣ ውሑድ ደግሞ የኬሚካዊ ጥምረት ስም ነው። የሙሙቱ አሲዳማነት (ፒ ኤች) እና የጨው ክምችቱም ሁለት የተለያዩ ልኮች ስለ ሆኑ፣ ሁለቱንም «ጨዋማነት» ማለት ስሕተት ነው።

መ. የዕድገት ደረጃዎች። ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ከ6ቱ ተክሎች መካከል ያደጉትና ያበቡት ከ3 እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ተርጓሚው ሁለቱን ቅጽሎች እንደ ድግግሞሽ ቈጥሮ «የደረሱ» ቢላቸው፣ «አዝመራው ደረሰ» ማለት የለመደ አንባቢ ለመታጨድ የበቁትን ብቻ ይቈጥራል፤ አብበው ገና ያልደረሱትን ከቍጥሩ ያወጣቸዋል። ካናቢስ ባብዛኛው ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብብ ተክል ስለ ሆነና በቤት ውስጥ ሌሊቱን የሚያረዝመውና የሚያሳጥረው የመብራቱ ባለቤት ስለ ሆነ፣ ቁመትም ሆነ ዕድሜ ማበቡን አያስረዳም። ረጅሙ ሳያብብ አጭሩ ሊያብብ ይችላል። ገበሬያችን «ቡቃያ»፣ «ችግኝ»፣ «ያበበ»፣ «የደረሰ» እያለ ደረጃዎቹን ለይቶ ያቈየልን በመሆኑ፣ አዲስ ቃል መፍጠር ሳያስፈልግ «ያደጉና ያበቡ» ማለት ብቻ ይበቃል።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ ከቃላቱ አብዛኛዎቹ በቋንቋችን ውስጥ አሉ። የጐደለው የእያንዳንዳቸውን ወሰን መዝግቦ ማስቀመጡ ነው፤ በመዝገበ ቃላትም ከአቻው ቃል ጋር «ይህን ይጨምራል፣ ያን አይጨምርም» የሚል ፍቺ ሊጻፍላቸው ይገባል።