ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ፍላሽ የማይሸከመው ጉዳይ የለም። የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሠርግ ቪዲዮውም፣ የዕድሩ ቃለ ጉባኤም በኪስ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥማ መልእክተኛው እሱ ነበር። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ክብር ያላገኘ ዕቃ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ጠባዩን የሚያውቅለት ጥቂት ነው።

አሰካኩ ቀላል ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ለየዲስኩ ፊደል አያድልም፤ የተሰካውን ከአንድ ፎልደር ጋር ያያይዛል፤ ይህ ማውንት ማድረግ ይባላል። ኡቡንቱ «ሚዲያ» ሥር ራሱ ያያይዘዋል። በተርሚናል የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የዲስኩን ስም ያጣራ፤ ዛሬ ኤስዲቢ1 የተባለው ነገ ኤስዲሲ1 ሊሆን ይችላል። ሳያጣሩ ፎርማት የሚያደርጉትን አምላክ ይርዳቸው። (በእጅ ማውንት ሲያደርጉ የአማርኛ ፋይል ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ አይደንግጡ። ፋይሉ ደህና ነው፤ «ዩቲኤፍ8» የሚለውን አማራጭ ጨምረው ይድገሙት።)

እኔን የሚያንገበግበኝ አነቃቀሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ቆሜ ሳለ አንዲት ተማሪ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ሰጠች። የፋይሉ ስም አለ፤ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። «ቫይረስ በልቶታል፣ እህቴ» አላት ባለቤቱ። ሾርትከት የሚፈለፍለው ቫይረስ ሰውን ስላስመረረ የጠፋ ሁሉ በእሱ ይሳበባል። ልጅቷ ግን የምትጠቀመው ኡቡንቱ ነው፤ ኮፒው አለቀ ሲላት መንጭቃ ነው ያወጣችው።

«አለቀ» ማለት ፋይሉ ራም ላይ ደረሰ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፍላሹ ላይ ተጻፈ ማለት አይደለም። ፍላሽ አዝጋሚ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል እሱን ሲጠብቅ እርስዎን እንዳያስቆም ዳታውን ራም ላይ ተቀብሎ ያሰናብትዎታል፤ ከዚያ በተለመደው አሠራሩ በየ5 ሰከንዱ እየነቃ 30 ሰከንድ ያለፈውን ይጽፋል። አሮጌ ፍላሽ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ቢጽፍ፣ ራም ላይ የቀረው 500 ሜጋባይት 100 ሰከንድ ይፈልጋል። በዚህ መሃል መንቀልና ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት መጥፋቱ ያው ናቸው። የፍላሹን መብራት አይቼ ነው የምነቅለው የሚሉኝም አሉ፤ ከርነሉ መጻፍ ሳይጀምር መብራቱ ምን ያሳያቸዋል?

ከሁሉ የሚሻለው ኢጀክት ማድረግ ነው፤ ያልተጻፈውን ጽፎ ነው የሚለቅ። ቢያንስ «ሲንክ» ብለው እስኪመለስ ይጠብቁ። ኢጀክት ሲያደርጉ «ቢዚ ነው» ካለ ሊብሬኦፊስ ፋይሉን ከፍቶት ይሆናል፣ ወይም ተርሚናልዎ እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሟል። ይዝጉትና ይድገሙት፤ ተናደው አይንቀሉ።

ስለ ፎርማት፦ ፋት32 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያመላልስ ኤክስፋት ያድርገው፤ ሊኑክስ ከከርነል 5.7 (2020 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሚገባ ይዞታል፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ዊንዶውስም ያነበዋል። ኢኤክስቲ4 ከቤት ለማይወጣ መጠባበቂያ ዲስክ ይሁን። ዊንዶውስ ላይ ሲሰኩት ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰውም እሺ ይላል።