ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚውለው ገንዘብ ምንጩና አመላለሱ

የኤሌክትሪክ ኃይል ለትምህርት ያለው ጠቀሜታ ከመምህራን የተሰወረ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኙት በመሐል ሜዳና በመሰል የደጋ ወረዳዎች፣ በኩራዝ የሚያጠናውም ሆነ በአምፖል የሚያጠናው ተማሪ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ይሁን እንጂ ማመንጫው የሚሠራው በማን ገንዘብ እንደ ሆነና ጉዳት ቢደርስ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ለተማሪዎች ማስረዳትም የትምህርቱ አካል ሊሆን ይገባል።

በኢትዮጵያ የማመንጫ ግንባታ ለብዙ ዘመን የመንግሥት ኃላፊነት ሆኖ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ማመንጫ ደግሞ የዓለም ባንክ ብድር ነበረው። በአንጻሩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በመንግሥት ገንዘብ፣ በአገር ውስጥ ባንክ ብድር፣ በሕዝብ የቦንድ ግዢና ስጦታ ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ከደመወዛቸው ካዋጡት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል መምህራንም ይገኛሉ። እዚህ ላይ ቦንድ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር፣ ስጦታ ግን የማይመለስ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ የግል መዋዕለ ንዋይ ነው። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ለዚህ ሥርዓት አበጅቷል። በዚህ መንገድ ባለሀብቱ በራሱና በተበደረው ገንዘብ ማመንጫውን ይሠራል፤ መንግሥታዊው ድርጅት ደግሞ ኃይሉን በተወሰነ ዋጋ ለብዙ ዓመታት ለመግዛት ይዋዋላል። ስለሆነም መንግሥት መጀመሪያ ላይ ከሚያወጣው ወጪ ቢድንም፣ ለረጅም ጊዜ የሚከፍለው ግዴታ ይገባል።

ይህ ግዴታ በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ያለውን ክብደት በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ለምሳሌ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል። አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ዋጋው 2.85 ብር ነው፤ በ120 ብር ሲመነዘር ግን 6 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጥያቄው ከክፍል መልመጃነት አልፏል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ወይ የቆጣሪ ደንበኛው ወይ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነውና።

ለመንዝ ተማሪ የመዋዕለ ንዋይ ትርጉም እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሣር በማኅበረሰቡ ጥበቃ ለተከታታይ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በችግር ጊዜ ለጋራ ጥቅም ይከፈት ነበር። ዛሬ የታቀበው ሣር የነገ የቤት ክዳንና የከብት መኖ መሆኑን የተረዳ ልጅ የቦንድንም ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም።

በመጨረሻም ኃይል ማመንጨት ብቻውን ብርሃን እንደማያደርስ ሊታወቅ ይገባል። ሸለቆ በሚለያያቸው የተራራቁ መንደሮች ምሰሶና ትራንስፎርመር መትከል ከጥቂት አምፖሎች በሚሰበሰብ ሒሳብ ወጪውን አይመልስም፤ ትርፍ የሚሻ ባለሀብትም በፈቃዱ አይሠራውም። በመሆኑም ዐቅድ አውጪዎች የግል ገንዘብ ለማመንጫ በመጣ ቁጥር፣ የተረፈው የመንግሥት ገንዘብ ትምህርት ቤቶችን ለሚያገናኘው መስመር መዋሉን ሊያረጋግጡ ይገባል።