ከመነዳሪ ውስጥ ያለ ቃል

ጌጃ ሰፈር፣ መንገድ ዳር። ጎሚስታው የተነፈሰውን ከመነዳሪ ነፍቶ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይደፍቀዋል። ቀዳዳው ባለበት በኩል አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ በጣቱ ይይዘዋል።

በዚህች ቅጽበት ያለ አስተርጓሚ የጣሊያንኛ ትምህርት ተሰጥቷል። ጎሚስታ «ጎማ ሠሪ» ነው። ከመነዳሪ ደግሞ «ካሜራ ዳሪያ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የአየር ክፍል» ነው። ሾፌሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን፣ የሚቀይረው ካምቢዮም ከዚያው ቋንቋ የተገኙ ናቸው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ባሌስትራ ነው። በጣሊያንኛ የቀስት ዓይነት የጦር መሣሪያ ስም ነው፤ የመኪናው ብረት እንደ ቀስት ስለተቆለመመ ስሙን ወረሰ። ጭነት የሚሸከመው ያ ብረት የጥንት ጦረኛ መሣሪያ ስም ይዞ ይኖራል!

ሾፌርና ጋራዥ የፈረንሳይኛ ናቸው። መርካቶና ካዛንቺስ ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ትዝታ ናቸው።

ከጌጃ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ሜክሲኮ አደባባይ ደግሞ የተቃራኒው ምስክር ነው። ሜክሲኮ ወረራውን በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ተቃውማ፣ የኢጣሊያን ግዛት አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ውለታዋን በአደባባይ ስም መለሰች፤ ታክሲ ረዳቱም በየቀኑ ስሟን ይጠራል።