በአካባቢ ምርጫ ድምፅ እንዴት ይሰጣል?

የአካባቢ ምርጫ የሚባለው የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የዞንና የከተማ ምክር ቤቶች አባላት የሚመረጡበት ምርጫ ነው። ይህ ምርጫ ለአገር አቀፉ ምክር ቤት ከሚደረገው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ስለ መንደሩ ውኃ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ጤና ጣቢያው በቅርብ የሚመክሩት እነዚህ ምክር ቤቶች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

የአካባቢ ምርጫ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም መራጩና ተመራጩ የሚተዋወቁ መሆናቸው ነው። ዕጩው ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አበዳሪ ወይም የእድር ዳኛ ሊሆን ይችላል። ታዲያ መራጩ ይሉኝታና ፍርሃት ሳይዘው የልቡን እንዲመርጥ ምን ይደረግ? የድምፅ አሰጣጡ ሥርዓት በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ነገሩን ከክፍል አለቃ ምርጫ ጋር እናነጻጽረው። ምርጫው እጅ በማውጣት ሲሆን እያንዳንዱ ተማሪ እጁን ከማንሣቱ በፊት ግራና ቀኙን ይመለከታል። ጉልበተኛው ልጅ ማን እንደ ደገፈው፣ ማንስ እንደ ተቃወመው ቆጥሮ ይይዛል። በእንግሊዝ አገርም እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ድረስ መራጩ የሚመርጠውን ሰው ስም በአደባባይ ይናገር ስለነበር፣ ጭሰኛው የባለ መሬቱን ፈቃድ ለመጣስ ይፈራ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ምርጫው በምሥጢር እንዲካሄድ አደረገ። በአገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ ይደነግጋል።

የመጀመሪያው ተግባር ምዝገባ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 በመራጭነት የሚመዘገበው በምዝገባው ቀን ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ደንግጓል። ተመዝጋቢው ስሙ በመዝገብ ሠፍሮ የመራጭነት ካርድ ይቀበላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በምዝገባ ጊዜ ችላ ያለ ሰው በምርጫው ቀን ቢጣደፍ ስሙን ከመዝገቡ አያገኘውም።

በምርጫው ዕለት ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ሣጥኑ ባዶ መሆኑ በታዛቢዎች ፊት ታይቶ ይታሸጋል። መራጩ ተራውን ጠብቆ ካርዱን ያሳያል፤ ስሙም በመዝገቡ መኖሩ ይረጋገጣል። ከዚያም በመዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ቶሎ የማይለቅ ቀለም በጣቱ ይቀባል። ቀለሙ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ ያግዳል።

ቀጥሎ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ተከለለው ስፍራ ብቻውን ይገባል። በወረቀቱ ላይ የዕጩዎች ስምና መለያ ምልክት ይገኛል። መራጩ በፈለገው ዕጩ አንጻር ምልክት ያደርጋል፤ ወይም የጣት አሻራውን ያሳርፋል። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአንድ ምክር ቤት ብዙ ተወካዮች በሚመረጡበት ቦታ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ዋጋ ያጣል። የመራጩ ስም የተጻፈበት ወረቀትም ምሥጢሩን ስለሚያወጣ እንዲሁ ነው። በመጨረሻም መራጩ ምልክቱ እንዳይታይ ወረቀቱን አጥፎ በሣጥኑ ውስጥ ይከተዋል።

ማንበብ የማይችል ሰው በመለያ ምልክቱ አማካይነት ዕጩውን ይለያል። ዓይነ ስውር ወይም እጁ የማይታዘዝለት መራጭ ደግሞ የሚያምነውን ረዳት ይዞ ሊገባ ይችላል። ረዳቱ ምልክት የሚያደርገው እንደ መራጩ ፈቃድ እንጂ እንደ ራሱ ምርጫ አይደለም። መራጩ የተሠራውን ማየት አይችልምና ይህ ታላቅ አደራ ነው። አደራውን የበላ ረዳት ከአንድ ሰው አንደበት ላይ ቃል እንደ ሰረቀ ይቆጠራል።

የድምፅ መስጫው ጊዜ ሲያበቃ ሣጥኑ በዚያው በምርጫ ጣቢያው በታዛቢዎች ፊት ተከፍቶ ይቆጠራል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፋል። እንግዲህ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ በምሥጢር ይሰጣል፤ ቆጠራው ግን በግልጽ ይከናወናል። ሁለቱ ቦታቸውን ቢለዋወጡ ምርጫው ትርጉም አይኖረውም።

የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገና ለመምረጥ አልደረሰም። ሆኖም በቤታቸው ማንበብ የማይችሉ አያቶችና ወላጆች ያሏቸው ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ የካርዱን ጥቅም፣ የመለያ ምልክቶቹን ትርጉምና ወረቀቱ የሚበላሽበትን ምክንያት አስቀድሞ ማስረዳት የተማሪ ድርሻ ነው። «ማንን መረጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን የተማሪ ድርሻ አይደለም፤ ምሥጢሩ የመራጩ ነውና።