«እርጉዝ ከሆንሽ ድመቷን አውጪያት» ይባላል፤ እውነት ጥፋቱ የድመቷ ነው?

ዛሬ ቤቱ ድመት ያለው ሰው ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ እርጉዝ ሚስት፣ እህት ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ሊያነበው የሚገባ ጉዳይ ይዘን መጥተናል።

ወልዲያም ሆነ መርሳ፣ ሀብሩ ገጠር ውስጥም ቢሆን፣ አንዲት ሴት ማርገዟ ከተሰማ መካሪዋ ብዙ ነው። ከምክሮቹ አንዱ «ድመት ጽንስ ታስወርዳለች፣ ቶሎ አውጧት» የሚለው ነው። ድመቷም በማዳበሪያ ከረጢት ተይዛ ራቅ ወዳለ ሰፈር ትጣላለች። ከዚያስ? አይጡ ማሽላውን ይወርረዋል፣ ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ ይቀመጣል። እርጉዟ ሴት ደግሞ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ጥሬ ሥጋዋን ትበላለች። «ድመቷ ወጥታለች፣ አሁን ሰላም ነው» ብላ!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አደጋው እውነተኛ ነው፤ መንገዱን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

በሽታው ምንድን ነው?

ስሙ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል፤ ላብራቶሪ ቤት «ቶክሶ» ሲሉ የምትሰሙት ማለት ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ይህ ተውሳክ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ አይጥ፣ ሰው ውስጥ መኖር ይችላል። እንቁላሉን የሚጥለው ግን በድመትና በድመት ዘሮች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። የድመቷ ስም የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ድመቷ የታመመ አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ትያዛለች። ከዚያ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ገደማ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች፤ ቁጥሩ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ታቆማለች። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው አደን የጀመረ የድመት ግልገል ነው። ለዓመታት ቤት የቆየች አሮጊት ድመት ስጋቷ ያነሰ ነው።

ሌላው ቁልፍ ነገር ይሄ ነው፦ እንቁላሉ እንደወጣ ወዲያው ሰው አያሲዝም። ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የድመቷ ዓይነ ምድር በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ካልተጠረገ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ድመቷን መንካት፣ መዳበስ፣ ጭን ላይ ማስቀመጥ ዋናው መተላለፊያ አይደለም። ወሎ ውስጥ ሙስሊም አያቶቻችን «ድመት ንጹህ እንስሳ ናት» ሲሉ አድገናል፤ ገላዋን በምላሷ ስታጸዳ ነው የምትውለው። ጉዳዩ ያለው ዓይነ ምድሯ ላይ፣ እሱ የነካው አፈርና አትክልት ላይ፣ ደግሞም ሳህናችን ላይ ነው።

ሳህናችን ላይ?

አዎ። ተውሳኩ በበግ፣ በፍየልና በሌሎች እንስሳት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የታተመ በ6 የአውሮፓ ከተሞች የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እርጉዞች ከያዛቸው ቶክሶ ውስጥ ከ30 እስከ 63 በመቶ የሚሆነው በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የመጣ ነው። ከአፈር ንክኪ የመጣው ከ6 እስከ 17 በመቶ ነው። ከድመት ጋር መኖር ብቻውን እንደ መንስኤ አልወጣም።

«እሱ አውሮፓ ነው፣ የኛስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ጅማ ከተማ ላይ በ201 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። 83.6 በመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በተውሳኩ ተይዘው ያውቃሉ። እዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ ድመት መኖሩ ከመያዝ ጋር ግንኙነት ነበረው። የሚገርም አይደለም። የኛ ድመት ሶፋ ላይ ተኝታ ከፋብሪካ የመጣ ምግብ የምትበላ አይደለችም፤ አይጥ አዳኝ ናት፣ የምትጸዳዳውም ጓሮ ጎመኑ ሥር ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው ከተያዘ ለምን እንፈራለን?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታወቀውም፤ ወይም ቀለል ያለ ጉንፋን የሚመስል ነገር ይዞት ያልፋል። ከእርግዝና በፊት የተያዘች ሴት ሰውነቷ መከላከያ ስላበጀ ልጇ በአብዛኛው አይነካም።

የሚያሰጋው በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው ናት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዛት ወደ ጽንሱ የመተላለፍ ዕድሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ከተላለፈ ግን ጉዳቱ ይከፋል። ጽንስ ሊወርድ፣ የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም፣ ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። ወደ መውለጃዋ ሲቃረብ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል፣ ጉዳቱ ግን ይቀላል። አንዳንድ ልጅ ሲወለድ ደህና መስሎ የዓይን ችግሩ ከዓመታት በኋላ ይወጣል።

አንድ ነገር አስምሩበት። የግል ላብራቶሪ ሄዳችሁ «ቶክሶ ፖዘቲቭ» ስትባሉ እንዳትደነግጡ! አይጂጂ ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የድሮ ነው። አይጂኤም የሚባለው ፖዘቲቭ ከሆነ ግን አዲስ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መድኃኒት አለው፣ ግን ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ አይደለም። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት ደግሞ ድመት እንዳላት ለሐኪሟ ብትነግር ጥሩ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የድሮው ተውሳክ ሊነሳ ይችላል።

እርጉዝ ሴት ባለበት ቤት ምን ይደረግ?

👉 ድመቷ የምትጸዳዳበትን አመድ ወይም አሸዋ በየቀኑ የሚጠርገው ሌላ ሰው ይሁን። ባሎች፣ ወንድሞች፣ ይሄ የናንተ ሥራ ነው! ሰው ከጠፋ እርጉዟ ጓንት፣ ጓንት ከሌለ እጇ ላይ ፌስታል አድርጋ ትጥረግ፤ ከዚያ በሳሙና ትታጠብ። ዕቃው በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም።

👉 ሥጋ በደንብ ይብሰል። ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ለብ ለብ እንኳን ይቅር። ሚጥሚጣም ቅቤም ተውሳኩን አይገድሉም። ፋሲካም ሆነ ዒድ ሲመጣ «ትንሽ ቅመሺ» የምትሉ ዘመዶች፣ እባካችሁ አታስጨንቋት። ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያም ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት።

👉 የፍየልም ሆነ የላም ወተት ይፈላ።

👉 ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ካሮት በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የመርሳ አካባቢ ሰው በመስኖ አትክልትና ፍራፍሬ የታደለ ነው፤ ከማሳ ቀጥሎ ወደ አፍ ግን አይሁን። ጓሮ ስትቆፍሩም ጓንት፣ ከዚያ ሳሙና።

👉 ለድመቷ ጥሬ ሥጋ አትስጧት። በእርግዝና ወቅትም አዲስ የድመት ግልገል አታምጡ።

ብትነክስ ወይም ብትቧጭርስ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ ሳይሆን ከድመትም ይተላለፋል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እርግዝና ክትባቱን ላለመውሰድ ምክንያት አይሆንም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ድመቷን ቀድሞ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዶ ማስከተብ የሚሻለው።

ልጁ ሲወለድስ?

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ፣ ገንፎው ተበልቶ፣ ቤቱ በጠያቂ ሲሞላ ድመቷም ጠያቂ ናት። ሙቀት ትወዳለች፣ የወተት ሽታም ይስባታል። በክፋት አይደለም፤ ግን ሕፃኑ አጠገብ ወይም ላዩ ላይ ልትተኛ ትችላለች። አራስ ልጅ ደግሞ ፊቱ ላይ የመጣን ነገር ገፍቶ ማንሳት አይችልም።

ስለዚህ ሕፃኑንና ድመቷን ብቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አትተዉ። ልጁ ሲተኛ በሩ ይዘጋ። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ድመቷ ትውጣ። ሀብሩ ቆላ ላይ ለወባ የተሰጠው አጎበር እዚህም ያግዛል፤ ጫፉ በደንብ ፍራሽ ሥር ከገባ ከትንኝ አልፎ ድመትንም ያግዳል። ግን አጎበሩ በሩን አይተካም። «የኔ ድመት ለምዳለች፣ አትወጣም» አትበሉ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!

ልማዱ ከመውለድ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ድመቷ አልጋ ላይ መተኛት የለመደች ከሆነ፣ ከ2 እና ከ3 ወር በፊት ሌላ ቦታ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስለምዷት። ያኔ ልጁ ሲመጣ ግርግር አይኖርም።

ቁንጫ፣ የሆድ ትልና ጭርት የሚባለው የቆዳ በሽታም ከድመት ወደ ልጅ ሊመጡ ይችላሉ። ልጁ መዳህ ሲጀምር ያገኘውን አፈር ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚያስገባው፤ ግቢው ከድመት ኩስ የጸዳ መሆን አለበት። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ድመቷ ከመኝታ ክፍል ትራቅ። «የድመት ፀጉር አስም ያመጣል» የሚባለው መሠረት አለው፤ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ግን ፀጉሩ ሳይሆን ፀጉሩ ላይ የሚቀረው ምራቋና የቆዳዋ ብናኝ ነው።

ሲጠቃለል

ድመቷን መጣል ሥጋውን አያበስልም፣ ሰላጣውንም አያጥብም። ጎረቤት ድመት እስካለው ድረስ ጓሯችሁም ከኩስ አይድንም። ቤቷን የለመደች ድመት ጠርጋችሁ፣ አስከትባችሁ፣ ከልጁ አልጋ አርቃችሁ ይዛችሁ ኑሩ። እርጉዟን ደግሞ ከጥሬ ሥጋ ጠብቋት። በክትትል ቀኗም «ቤቴ ድመት አለ፣ ጥሬ ሥጋም በልቼ ነበር» ብላ ሳታፍር ለባለሙያው ትንገረው፤ ቶክሶ በመደበኛው የእርግዝና ክትትል ከሚደረጉት ምርመራዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይካተትም፣ ካልነገረችው ላይጠይቃት ይችላል።

እርጉዝ ለሆነች እህታችሁ ሼር አድርጉላት። ለባሏም ላኩለት፤ ጠራጊው እሱ ነው!